የእቴቴ ማዞር፣ የጀርመን ጠብታና የጆሯችን ነገር

ከውጭ አገር የተላከ መድኃኒት እኛ ጎጃም ውስጥ ክብሩ ትልቅ ነው። ላኪዋ ልጅ ከሆነች ደግሞ ገና ሳይከፈት ግማሹን ሥራ ይሠራል። በዚህ አልፈርድም፤ የሚላከው ፍቅር ነው። ግን ሆሚዮፓቲ ስለሚባለው ሕክምና፣ በተለይም ለማዞርና ለጆሮ ሕመም ስለሚሰጠው፣ የማውቀውን ልጽፍ ፈለግሁ። የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ብቻ አይደለም። ጆሮ የሚያህል ነገር በዝምታ ሲበላሽ ስለማይ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

አክስቴ ደብረ ማርቆስ ነው የምትኖረው። ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላት። አንድ ሌሊት ኪዳን ልትሄድ ስትል፣ ገና አልጋዋ ላይ እንደተገላበጠች ጣራው ዞረባት። «ቤቱ እላዬ ላይ ተገለበጠ» ነው ያለችው። የአልጋውን ብረት ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ደቂቃ ሳይሞላ ቆመ። ስትነሳ ግን አስመለሳት። በማግስቱም ወደ ቀኝ ስትዞር ያው ሆነ። ከቁም ሳጥኑ ላይ ጋቢ ልታወርድ ቀና ስትልም እንደዚያው።

ጎረቤት የመሰለውን አለ። አንዷ ግፊት ነው አለች፤ ሌላዋ ደም ማነስ። ጾሙን አጥብቃው ነው ያለም፣ ዓይነ ጥላ ነው ያለም ነበር። ጠበል ተጠመቀች። ጤና ጣቢያም ሄደች። ግፊቷ ተለካ፣ ደህና ነው ተባለ፣ ክኒን ተሰጣት፣ ወደ ቤቷ ተመለሰች። መቼ መቼ እንደሚያዞራት የጠየቃት አልነበረም። ወረፋው እስከ አጥሩ በር ድረስ ነበርና ለዚያ ጊዜ ያለው ሰው ከየት ይመጣል?

ልጇ ጀርመን ናት። እዚያ አንዲት የሆሚዮፓቲ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ስለ እናቷ ነገረቻት። ሴትዮዋም በስልክ ላናግራት አለች። ልጅቱ እያስተረጎመች ከአንድ ሰዓት በላይ አወሩ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። የሚያዞርሽ ተኝተሽ ነው ወይስ ቆመሽ? ወደ የትኛው ጎን ስትዞሪ? ምን ያህል ይቆያል? ጆሮሽ ይጮሃል? መኪና ላይ ይብስብሻል? በሽተኛ ስታስታምሚ እንቅልፍ ያጣሽበት ጊዜ አለ? ብርድ ትፈሪያለሽ? የሚያሳስብሽ ነገር አለ?

ስልኩ ሲዘጋ የእቴቴ ፊት በርቶ ነበር። «ልጀ፣ እስከዛሬ እንዲህ አድርጎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለችኝ።

ስለ ሆሚዮፓቲ የምለው ሁሉ ከዚህ ንግግሯ ይነሳል። ሰው የሚሳበው በጠብታው አይደለም። የሚሳበው በመጠየቁ ነው። በሽታውን ከነጓዙ የሚሰማው ሰው ማግኘቱ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው ለምን ብዙ ሚሊዮን ሰው በሆሚዮፓቲ እንደሚያምን አይገባውም።

ጠብታው በመንገደኛ እጅ መጣ። ትንሽ ቡናማ ብልቃጥ ነው። ጽሑፉ ሁሉ በጀርመንኛ ነው። ለማዞር ተብሎ የተላከ መሆኑን እናውቃለን፤ ማዞሩ ደግሞ ከጆሮ ሊሆን ይችላል ተብሏል። ስለዚህ አንዲት ጎረቤታችን «ጋደም በይማ፣ ጆሮሽ ላይ ላድርግልሽ» ብላ ክዳኑን ከፈተች። «ቆይ!» ብዬ ብልቃጡን ተቀብዬ ለልጅቱ ደወልኩ። በስልክ ካሜራ ሳሳያት አነበበችልኝ። በአፍ የሚወሰድ ነው። ውስጡም አልኮል አለበት፤ የሆሚዮፓቲ ጠብታዎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ታምቡሩ የተቀደደ ጆሮ ውስጥ አልኮል ቢገባ ሕመሙ ሌላ ነው። የውጭ መድኃኒት የምትልኩ ልጆች፣ እባካችሁ ብልቃጡ ላይ በአማርኛ «የሚዋጥ» ወይም «ጆሮ የሚገባ» ብላችሁ ለጥፉበት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ሆሚዮፓቲን የጀመረው ሳሙኤል ሃነማን የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነው። የተወለደው በ1755 ነው። በዘመኑ ሐኪሞች በሽተኛን ደም ያፈሱት ነበር፣ ሜርኩሪ ይሰጡት ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው ሕክምናው ራሱ ነበር። ሃነማን ይህን አልቀበልም ማለቱ ያስከብረዋል። በ1790 ኩዊኒን የሚገኝበትን የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ፣ ራሱ ወሰደና የወባ ዓይነት ስሜት ተሰማኝ አለ። ከዚያ ተነስቶ፣ በጤነኛ ሰው ላይ አንድን ሕመም የሚመስል ነገር የሚያመጣ መድኃኒት ያንኑ ሕመም ያድናል የሚል ሕግ አወጣ። ሐሳቡን በ1796 ጻፈው፤ ዋናው መጽሐፉ በ1810 ወጣ።

በዓባይ በረሃ ቆላ ወባ ይዞት ኩዊኒን የተሰጠው ሰው ጆሮው እንደሚጮህና እንደሚያዞረው ያውቃል። ሆሚዮፓቱም ይህንን ያውቃል። ስለዚህ ጆሮው ለሚጮህ ሰው ኩዊኒን አቅጥኖ ይሰጠዋል። ለማዞር የሚሰጡት ሌሎቹም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። አንደኛው ኮኩለስ ይባላል፤ የደቡብ እስያ ሐረግ ፍሬ ነው። የዚያ አገር ሰዎች ዓሣ ለማደንዘዝ ወንዝ ውስጥ ይበትኑታል፤ ጣና ዳር ያሉ ዓሣ አስጋሪዎች በብርብራ ፍሬ የሚያደርጉት ነገር ማለት ነው። ሁለተኛው ኮኒየም ነው። ሶቅራጥስ ጠጥቶት የሞተው መርዝ የሚገኝበት ተክል ነው። ሰው እነዚህን ቢውጥ ያዞረዋል፤ ስለዚህ ማዞር ያድናሉ ነው አባባሉ።

መርዝ ከሆኑ ታዲያ እንዴት ይጠጣሉ? ያቀጥኗቸዋላ። አንድ እጅ መድኃኒት በ99 እጅ ውኃ ወይም አልኮል ይበጠበጥና በኃይል ይናጣል። ከዚያ ላይ አንድ እጅ ተወስዶ እንደገና በ99። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው እንዲህ 30 ዙር የሄደው ነው። ጣናን አስቡት። ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ በአማካይ 9 ሜትር ቢሆን ነው። አስልቼው ነበር። ገና 9ኛው ዙር ላይ፣ አንዲት ጠብታ መድኃኒት ጣና ውስጥ ጨምሮ ከመበጥበጥ ጋር ሊስተካከል ምንም አይቀረውም። 12ኛው ዙር ላይ የሚሊዮን ጣና ያህል ውኃ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ብልቃጡ ውስጥ ከተክሉ አንዲት ሞለኪውል እንኳ የመገኘቷ ነገር የማይታሰብ ነው። 30ኛው ላይ ሲደርስ ቁጥሩ 60 ዜሮ አለው። ሃነማን ይህን ሲጀምር የሞለኪውል ቁጥር ገና አልታወቀም ነበርና እሱን ልወቅሰው አልችልም። እኛ ግን እናውቃለን።

የእቴቴ ጠብታ እስከዚህ የቀጠነ አልነበረም። ጀርመን ለማዞር የሚሸጡት ድብልቆች አንዳንዶቹ ብዙ ዙር አልሄዱም፤ ከተክሉ ጥቂት አላቸው። በ1998 የታተመ አንድ ጥናት፣ እንዲህ ያለውን ድብልቅ ቤታሂስቲን ከሚባለው የታወቀ የማዞር ክኒን ጋር አወዳድሮ እኩል ናቸው ብሏል። ሆሚዮፓቶች ይህን ጥናት ይወዱታል። ነገር ግን ምንም መድኃኒት የሌለበት ጠብታ ወይም ክኒን የሚወስድ ሦስተኛ ቡድን አልነበረውም። ደግሞስ ያ ቤታሂስቲን ራሱ ምን ያህል ይሠራል? በ2016 እዚያው ጀርመን በ221 የሜኒየር (ለሰዓታት የሚያዞርና መስማትን የሚቀንስ የጆሮ ሕመም) በሽተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ቤታሂስቲን የወሰዱትና ባዶ ክኒን የወሰዱት ልዩነት አልታየባቸውም። የሁሉም ማዞር በጊዜ ብዛት እየቀነሰ ሄደ። ባዶ ክኒን የዋጡትም ጭምር!

እኔ ከዚህ የምረዳው ማዞር ብዙውን ጊዜ በራሱ የሚሄድ ነገር መሆኑን ነው። ሊሄድ ሲል የተወሰደው ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል፤ ጠብታውም፣ ክኒኑም፣ ነጭ ሽንኩርቱም። እቴቴም ጠብታውን በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ቀለል አለልኝ አለች። ለልጇ ደውላ መረቀቻት። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ወር እንኳ ሳይቆይ ግን ተመልሶ መጣ።

በጣም ያስገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። የድሮ የሆሚዮፓቲ መጻሕፍት ስለ ኮኒየም ሲጽፉ፣ አልጋ ላይ ጋደም ሲሉና ሲገላበጡ ለሚነሳ ማዞር ነው ይላሉ። ቁልጭ ያለ የእቴቴ በሽታ! እነዚያ ሰዎች በሽተኛውን አጥብቀው ስለጠየቁ፣ ሐኪሞች ገና ያልገባቸውን ነገር መዝግበውታል። ያልነበራቸው ምክንያቱ ነው። ማዞር ከጆሮ ሊመጣ እንደሚችል በደንብ የተጻፈው በ1861 ነው። የጻፈው ፓሪስ ውስጥ የመስማት የተሳናቸው ሰዎች ተቋም ሐኪም የነበረው ፕሮስፐር ሜኒየር ነው። ከዚያ በፊት የአንጎል ነው ተብሎ ሰው ደሙ ይፈስስ ነበር። ሃነማን እዚያው ፓሪስ በ1843 ሞቷል፤ ይህን ሳይሰማ ማለት ነው።

ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀጫጭን የግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ራሳችን ወዴት እንደዞረ ለአንጎል የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ከእነሱ አጠገብ ባለ ከረጢት ውስጥ ደግሞ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮች ተለጥፈዋል። ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ የዓባይ ገደል የኖራ ድንጋይም ከዚሁ ነው የተሠራው። ዕድሜ ሲገፋ፣ ጭንቅላት ሲመታ፣ ወይም ሰው ታሞ ብዙ ሲተኛ ጠጠሮቹ ተላቀው ከቱቦዎቹ አንዱ ውስጥ ይገባሉ። ሰውየው ሲገላበጥ ጠጠሩ ይንከባለላል፣ ፈሳሹን ይገፋል፣ አንጎልም ዓለም እየዞረች ነው ተብሎ ይነገረዋል። ጠጠሩ ሲያርፍ ማዞሩ ይቆማል። ደቂቃ የማይሞላው ለዚህ ነው። በዓለም ላይ ከጆሮ ለሚመጣ ማዞር ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ለጠጠር ደግሞ ክኒንም ጠብታም አያስፈልገውም። ተንከባልሎ በመጣበት መንገድ ተንከባልሎ ይመለሳል። ጆን ኤፕሊ የሚባል የኦሪገን ሐኪም ዘዴውን አውጥቶ በ1992 አሳተመው። መጀመሪያ ላይ ሥራ ባልደረቦቹ አላመኑትም ነበር። መድኃኒት የሌለበት ሕክምና ማን ያምናል?

መንገድ ሲከፈት እቴቴን ባሕር ዳር ወሰድናት። አንገት በላይ ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው። እሱም ጠየቃት። ያቺ ሴትዮ የጠየቀቻትን ግማሹን ያህል ጠየቃት፤ ብርድ መፍራቷን አልጠየቃትም። ከዚያ አልጋው ላይ እግሯን ዘርግታ እንድትቀመጥ አደረገ። ራሷን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ቀኝ መለስ አደረገውና «እማማ፣ ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ፣ እኔን ይዩኝ» እያለ ቶሎ በጀርባዋ አስተኛት። ራሷ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ወደታች ዘንበል አለ። ለትንሽ ጊዜ ምንም የለም። ከዚያ «ኡኡ! ያዘኝ!» ብላ እጄን ጨመደደችው። ዓይኗን አየሁት። ብሌኗ ወደ ላይ እየዘለለና እየተሽከረከረ ይርገበገባል። እሷ ልታቆመው አትችልም። ሐኪሙም ጣቱን ቀስሮ «አዩት? ይኸው ነው» አለኝ። ቀኝ ጆሮዋ ነበር።

አልለቀቃትም። ርግብግቡ እስኪቆም ጠበቀ። ራሷን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረው፣ ጠበቀ። ሰውነቷን በግራ ጎኗ አስተኝቶ ፊቷን ወደ ወለሉ አስደፋት፣ ጠበቀ። ከዚያ እግሯን አውርዶ አስቀመጣት። ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። እንደገና ሲያስተኛት ዓይኗ አልተንቀሳቀሰም። እሷ ግን አላመነችም። «መድኃኒቱስ?» አለችው። «ይኸው ነው እማማ፣ ሌላ የለውም» አላት። መንገዱን ሙሉ ዝም ብላ፣ ቤት ስትደርስ ራሷ ሞከረችው። ጋደም አለች፣ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ምንም የለም። «እልል» ያለችው ያኔ ነው።

ይህ ማዞር ሊመለስ እንደሚችል ነግሯታል። እውነት ነው፣ ከዓመታት በኋላም በብዙዎች ላይ ይመለሳል። ሲመለስም እንደገና ያገላብጧታል። አንገት ወይም ጀርባ የሚያመው ሰው ግን ራሱ እቤቱ ባይሞክረው ይሻላል፤ መጀመሪያ ይታይ።

ሁሉም ማዞር ጠጠር አይደለም። ሰዓታት የሚቆይ፣ ጆሮ የሚደፍን፣ የሚጮህ፣ መስማትን የሚቀንስ ከሆነ ሜኒየር ሊሆን ይችላል። ለቀናት ሳያቋርጥ የሚያዞር ከሆነ የሚዛኑ ነርቭ መቆጣት ሊሆን ይችላል። ለሳንባ ነቀርሳ ስትሬፕቶማይሲን ብዙ የተወጉ ሰዎች ሚዛናቸው በዚያው ተጎድቶ የቀረ አሉ። ከማዞሩ ጋር አንደበት ከተኮላተፈ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ ግን ያ ስትሮክ ነው ተብሎ በዚያች ሰዓት ሆስፒታል የሚሮጥበት ነው። እዚህ ላይ የጠብታ ጊዜ የለም።

ከማዞር በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ የልጆች ጆሮ ነው።

ለጆሮ ሕመም ሆሚዮፓቶች ፑልሳቲላ፣ ካሞሚላ፣ ቤላዶና የሚባሉትን ይሰጣሉ። እኛ ደግሞ የራሳችን አለን። ለጋ ቅቤ አሙቆ ማንጠብጠብ፣ ጤና አዳም ጨምቆ መጨመር፣ ዘይት፣ የእናት ጡት ወተት። ልዩነታቸው ያን ያህል አይደለም። አጣዳፊ የጆሮ ሕመም ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ ይሻለዋል፤ ምንም ባይደረግለትም። ስለዚህ የተደረገለት ነገር ሁሉ «ፍቱን» ይባላል። ችግሩ በማይሻለው ልጅ ነው። ጆሮው ይመግላል፣ ታምቡሩ ይቀደዳል። «ሲያድግ ይተወዋል» እየተባለ ወራት ያልፋል። በ2017 ጣሊያን ውስጥ አንድ የ7 ዓመት ልጅ ሞቷል። የጆሮው ኢንፌክሽን በሆሚዮፓቲ ብቻ ሲታከም ቆይቶ ወደ አንጎሉ ዘልቆ ነው። ሀብታም አገር፣ ሆስፒታል ሞልቶ ነው ይህ የሆነው።

እኛ አገር ጆሮ መተዳደሪያም ነው። ዲማ ጊዮርጊስን፣ ዋሸራን፣ ጎንጅን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። የቅኔ ተማሪ ከየኔታ አፍ ሰምቶ ነው የሚማረው። ቅኔው ሲነገር አንዲት ቃል ካመለጠችው ምሥጢሩ አመለጠው። እነዚህ ልጆች ከወላጅ ርቀው፣ በሣር ጎጆ፣ በጎጃም ደጋ ብርድ ነው የሚያድሩት። ጆሮው የሚመግል ተማሪ አይቻለሁ። ለምዶት ለራሱም አይታወቀውም። አጠገቡ ያለው ልጅ ግን ሽታውን ያውቀዋል። ሲጠሩት ጤነኛውን ጆሮ ያዞራል። ሰነፍ ተብሎም ይሆናል፣ ልጁ የማይሰማ ሆኖ ሳለ።

ጆሮው ከሁለት ሳምንት በላይ የመገለ ልጅ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት አለበት። የሚደረግለት ውድ ነገር አይደለም። ንጹሕ ስስ ጨርቅ ተጠቅልሎ መግሉን እየመጠጠ፣ በቀን ደጋግሞ ጆሮውን ማድረቅ ነው። እንጨት ወይም የክብሪት ጭራ አይደለም። ከዚያ በሐኪም የታዘዘ የሲፕሮፍሎክሳሲን ጠብታ። ይህኛው ጠብታ መድኃኒት አለበት፤ የሚገባውም ጆሮ ውስጥ ነው። እስኪድን ድረስ ቅቤም፣ ዘይትም፣ የወንዝ ውኃም ጆሮው ውስጥ አይግባ። ከጆሮው ኋላ ካበጠ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለው፣ ራሱን አጥብቆ ካመመው፣ ወይም አንገቱ ከደረቀ ያ ልጅ ሳይታይ ማደር የለበትም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መግባት አለበት።

ጀርመን ላለችው ያክስቴ ልጅ አልተቆጣኋትም። እንዲያውም አንድ ነገር ለመንኳት፤ የዚያችን ሴትዮ ጥያቄዎች ጽፋ እንድትልክልኝ። ላከችልኝ። ብርዱንና ሐሳቡን አስቀርቼ በአንድ ገጽ ገለበጥኳቸው። ማዞሩ የሚነሳው ስትተኛ ነው ስትቆም? ወደ የት ስትዞር? ሰኮንዶች ነው፣ ሰዓታት ነው፣ ቀናት ነው? ጆሮህ ይጮሃል? መስማት ቀንሷል? ይመግላል? ከመቼ ጀምሮ? የወሰድከው መርፌ ወይም ክኒን አለ? ሰው ቤቱ ሆኖ መልሱን ጽፎ ከሄደ፣ ወረፋ ያደከመው ሐኪም በአንድ ደቂቃ ያነበዋል። ለጎረቤቶቻችን ሰጥቻቸዋለሁ። አንዲት እናት የልጇን መልስ ጽፋ ሄዳ ጆሮው ታይቶለታል።

ቆሎ ተማሪ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ፣ ስንቅ ስታደርሱለት በቀኙም በግራውም በኩል ሆናችሁ በቀስታ አናግሩት። አንዱን ጆሮ እያዞረ የሚሰማችሁ ከሆነ፣ የኔታን አስፈቅዳችሁ ይዛችሁት ሂዱና አሳዩት።